አንድ ሰው ይቀረኛል

ሰው ሁሉ «ተኳሿ» ነው የሚላት። ስሙን በሩቁ የሰማ ሰው ጠመንጃ አንግታ የምትዞር ሴት ትመስለውና ክው ይላል። ኧረ ተዉ እባካችሁ! እሷ እቴ፣ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላና ጋውን በካውያ የምትተኩስ፣ እንኳን ጥይት ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ሴት ናት። ስሙን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። ጋውኑ አንድ ጭምድድ ሳይታይበት ሲመጣለት «ይቺ ሴትዮ ተኩሳ አትስትም!» አለ። ተሳቀ፤ ስሙም በዚያው ተጣብቆ ቀረ። ዛሬ እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ቢመጣ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ሥራዋን ትቀጥላለች።

ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው። በአንድ በኩል ማጠቢያዎቹ ያጓራሉ፣ በሌላ በኩል ማድረቂያው ይሽከረከራል፤ መሃል ላይ የተኳሿ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ማዶ አጣፊዋ ትቆማለች። አጣፊዋ የተተኮሰውን አጥፋ የምትደረድር የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ምላሷ ከካውያው ይብሳል። ትልልቁን አንሶላ ለብቻ ማጠፍ ስለማይሆን ሁለቱ ጫፍና ጫፉን ይዘው ይራራቃሉ፣ ከዚያ እጥፉን ለማገናኘት ይጠጋጋሉ፣ እንደገና ይራራቃሉ። በማሽኑ ጩኸት ምክንያት ወሬ የሚቻለው ሲጠጋጉ ብቻ ነው። ስለዚህ የእነሱ ወሬ ሁሌም ቁርጥራጭ ነው፤ ጥያቄው በአንዱ እጥፍ፣ መልሱ በሚቀጥለው ይመጣል።

መስኮት አንድ አላቸው። እሱም ከጣሪያው ሥር ተወሽቆ፣ ደጅ ካለው መሬት እኩል የሆነ፣ ከጉልበት በላይ ሰው የማያሳይ ጠባብ ነገር ነው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት የአምቡላንሱ ማቆሚያ አለ። ተኳሿ ከዚያ የሚወርደውን ሰው በጫማው ታውቀዋለች። ቡናማ ጫማ፣ ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ነዳጅ ከመርገጥ ብዛት የቀኙ ተረከዝ ትንሽ የተበላ። ያ ጫማ ሲታይ ካውያዋን ታነሳና አንሶላው እንዳይቃጠል በአየር ላይ ይዛው ትቆያለች። አጣፊዋ ይህን አይታ ሳል ሳል ይላታል።

የጫማው ባለቤት የአምቡላንሱ ሾፌር ነው። ሚስቱን ከቀበረ ዓመታት አልፈዋል፤ ሴት ልጁንም ድሯል፤ ብቻውን ይኖራል። ዝምታውስ ለጉድ ነው! «ያለውን ድምፅ ሁሉ ለመኪናው ሰጥቶ ባዶውን ቀረ» ይሉታል። ከተማውን በሳይረን አናውጦ ይገባና በሽተኛ ሲያወርድ ከአፉ የሚወጣው «ቀስ፣ ቀስ» ብቻ ነው። ከተኳሿ ጋር የተነጋገሩት ቢጠራቀም አንድ ቁርስ አይበላበትም። «እንደምን አደሩ?» «ደህና፣ እርስዎስ?» በቃ። እኩያሞች ናቸው እኮ፤ ሁለቱም ሃምሳን ተሻግረዋል። ግን እርስዎና እርስዎ ሆነው ቀሩ።

አሁን ስለ እግሯ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለው እግሯ ላይ ነው። ተኳሿ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ወንድሞቿን ተረከበች፤ ካውያ ይዛ ቆማ አሳደገቻቸው። እነሱ አደጉ፣ አገቡ፣ ወለዱ። እሷ እቴቴ እንደተባለች ቀረች። ዕድሜ ልኳን በመቆሟ የእግሯ ደም ሥር ተወጣጥሮ ገመድ መስሏል፣ መዳፉም ጠፍጣፋ ነው። ስትሄድ ዝግ ትላለች። ከወንድሞቿ ጋር መንገድ ስትወጣ እነሱ ፊት ፊት ይሄዱና መታጠፊያው ላይ ቆመው «ነይ እንጂ!» ይላሉ። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ይወዷታል። ግን በዕድሜዋ ሙሉ ለእሷ ብሎ እርምጃውን የቀነሰ ሰው አልነበረም፤ ይህም ውስጧን ይበላት ነበር። ለማንም አልተናገረችውም፤ ምን ብላ ትናገረዋለች?

የከተማው ዓመታዊ ሩጫ ሲደርስ ለሆስፒታሉ ሠራተኞችም ካናቴራ ይታደላል። አንድ ዓመት አጣፊዋ ተመዘገበችና ዋዜማው ላይ ወገቧን ያዛት።

«ካናቴራው ለምን ይባክናል፣ አንቺ ግቢበት» አለቻት።

«እኔ? በዚህ እግሬ?»

«ማን ሩጪ አለሽ! ተራመጂ።»

አጀማመሩ ይኸው ነው። ሕልም የለ፣ ጽናት የለ፤ ካናቴራ እንዳይባክን ነው።

እንደተባለችው ተራመደች። ሰዉ እንደ ጎርፍ አልፏት ሄደ። ጋሪ የሚገፉ እናቶች አለፏት፣ እየተጎተቱ የሚያወሩ ኮረዶች አለፏት፤ ኋላ መንገዱ ባዶ ሆኖ የሰው ልጅ የጣለው የውኃ ላስቲክ ብቻ ቀረ። ያኔ ከኋላዋ የሞተር ድምፅ ሰማች። አምቡላንስ ነው። የሩጫው ደንብ ሆኖ ከመጨረሻው ሰው ኋላ አምቡላንስ መከተል አለበት። እሷ ይህን የት ታውቃለች! አፍራ ወደ ዳር ወጣችለት። አላለፈም። ስትቆም ቆመ፣ ስትሄድ ሄደ። መስኮቱ ወረደና ሾፌሩ ብቅ አለ።

«አይዞዎት፣ አይቸኩሉ» አላት። «እኔ ከኋላ አለሁ።»

ሌላ ሴት ብትሆን «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትረሳው ነበር። ተኳሿ ግን የቀረውን መንገድ ሁሉ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጠች ሄደች። አንድ ሰው፣ ሞተር ያለው ሰው፣ እንዲያ መብረር የሚችል ሰው፣ በእሷ እግር ልክ እየሄደ ነው። ዳገቱ ላይ ትንፋሿ ሲያጥራት ሞተሩም አብሮ ዝግ አለ። መንገዱ ባያልቅ ብላ ተመኘች።

አለቀ እንጂ። መግቢያው ላይ «መጨረሻ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ እሱ ሥር ፎቶ አነሷት። ፎቶው ሆስፒታል ሲደርስ ሰው በሳቅ ፈረሰ። «መጨረሻ መውጣቷ ሳያንስ ጽፈው ሰቀሉባት!» አሉ። እሷም ሳቀች። ፎቶውን ግን ቤቷ ወስዳ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው፤ ጥግ ላይ የአምቡላንሱ አፍንጫ ይታያል።

በሚቀጥለው ዓመት ራሷ ሄዳ ተመዘገበች። ያለ ሐሜት እውነቱን ላውራችሁ፦ ሰው ለመቅደም ይመዘገባል፤ እሷ ለመቀደም ተመዘገበች። ማታ ማታ ስትለማመድ እግሯ ትንሽ ጠንክሮላት ነበር፤ ከጋሪ ገፊዎቹ ጋር እኩል መሄድ አያቅታትም። ሆን ብላ ወደ ኋላ ትቀራለች። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም። ሰዓቱ ካለፈ መግቢያው ይፈርሳል፣ መንገድ ላይ የቀረውን ሰው መኪናው ይጭነዋል። መጫን አትፈልግም። በሽተኛ ሆና ልታስቸግረው አልፈለገችም፤ የፈለገችው ከኋላዋ እንዲሆንላት ነው። እና ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ከሰዓቱ ግን ፊት ሆና መሄድ ነበረባት። እንደ ልብስ አተኳኮስ ነው፤ ትንሽ ሲፈጥኑ አይስተካከልም፣ ትንሽ ሲቆዩ ያራል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስሟ ወጣ። ልፈፋ የለመደው የሩጫው አስተዋዋቂ «ተመልከቱ! ጽናት ማለት ይቺ ናት!» እያለ ይጮህባታል። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር በስብሰባ ላይ «ከተኳሿ ተማሩ!» አሉ። ስኳር ያለባቸው ሕመምተኞች በነርሶቹ ምክር የእሷን ፎቶ እያዩ መራመድ ጀመሩ። እሷ እፍረቱ ሊገላት ደረሰ። «ለጽናት እኮ አይደለም» አለች ለጓደኛዋ አንሶላ ሲያጥፉ። ተራራቁ፣ ተጠጋጉ።

«አውቃለሁ» አለች አጣፊዋ። «ያንቺ ጽናት አራት ጎማ አለው።»

አራተኛው ሩጫ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አጣፊዋ ፊቷ ጠቁሮ ገባች። የአንሶላውን ጫፍና ጫፍ ያዙ።

«ሰማሽ?» አለች ሲጠጋጉ። ተራራቁ።

«ምኑን?»

«ሾፌሩ ተዛወረ።» ተራራቁ። ያን አንሶላ ማን እንዳስረዘመው እንጃ።

«የት?»

«ሌላ ከተማ። ከሩጫው ማግስት ሰኞ ይሄዳል።»

ተኳሿ «እሺ» አለችና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። አንዱን አንሶላ ተኮሰችው፣ መልሳ ተኮሰችው፣ ደገመችው። አጣፊዋ መጥታ ካውያውን ከእጇ ነጠቀቻት።

«ስሚ» አለቻት። «እሑድ እሱ ካንቺ ኋላ ነው፣ አንቺ ከእሱ ፊት ነሽ። መሃላችሁ ማንም የለም። ካልነገርሽው እኔ ሄጄ እነግረዋለሁ፤ እኔ ከነገርኩት ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ አላሳምረውም!»

«ምን ብዬ ልንገረው?»

«ያለሽን!»

ተኳሿ ሳምንቱን ሙሉ ቃል ስትመርጥ ሰነበተች። በመጨረሻም እንዲህ የሚል ነገር አሰናዳች፦ «ከእርስዎ ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት በመቆየቴ ደስ ብሎኛል፤ መሄድዎም በጣም አሳዝኖኛል፤ ቢቻልዎት ቢቀሩ።» ለአጣፊዋ አሰማቻት።

«ይሄ የጡረታ መሸኛ ንግግር ነው!» አለች አጣፊዋ። «‹እርስዎ፣ እርስዎ› ስትይ አርጅቶ ይሞትብሻል።» ተኳሿ ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘችም። ከገበያው ማለፊያ ዳገት ላይ፣ ሰው ሲጠፋ፣ ቆማ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች፣ ትናገራለች። ቆረጠች። ይህ ካመለጣት ሌላ ቀን የላትም።

እሑድ ማለዳ ካናቴራዋን ተኩሳ ለብሳ ወጣች። እንደ ልማዷ ከሰዉ ሁሉ ኋላ፣ አምቡላንሱ የሚቆምበት ዛፍ አጠገብ ልትቆም ስትሄድ አንዲት ወጣት አስተባባሪ፣ በአንድ እጇ የእጅ ሬዲዮ የያዘች፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለች፣ ከሩቅ አይታት እየሮጠች መጣች።

«እትዬ ተኳሿ! የእርስዎ ቦታ እኮ ፊት ነው!»

«የምን ፊት? እኔ ኋላ ነኝ!»

«ኧረ ተዉ! ዘንድሮ ከክብር እንግዶቹ ጋር ነው የሚነሱት። የሁላችን ምሳሌ አይደሉ እንዴ!»

«ልጄ፣ በእናትሽ ተይኝ!»

ማን ሰምቷት። ክንዷን ይዛ በሕዝቡ መሃል ጎተተቻት፤ ሰዉም እያጨበጨበ መንገድ ከፈተላት። መስመሩ ላይ፣ እግራቸው እንደ ሚዳቋ ቀጥ ካለ ሯጮች አጠገብ ተገተረች። ዞር ብላ ብታይ የሰው ራስ ብቻ ነው። አምቡላንሱ መጥቶ ይሁን አይሁን አይታይም። ሽጉጡ ተተኮሰ። ሰው ያልገባው ነገር ቢኖር በዚያ ሰዓት እውነተኛዋ ተኳሽ ሽጉጡ በእጇ ቢሆን ማን ላይ እንደምትተኩስ ነው።

ሕዝቡ ግራና ቀኟን አልፎ ፈሰሰ። ብዙ ነው፣ አያልቅም። እሷ ደስ አላት፤ ይለፉ፣ ሁሉም ይለፉ! ጋሪ ገፊዎቹ አለፉ። ኮረዶቹ አለፉ። ወሬኞቹ አለፉ። መንገዱ ባዶ ሆነ። አሁን የሞተሩን ድምፅ ልትሰማ ጆሮዋን አቀናች፤ ምንም የለም። ዞረች። ከኋላዋ ብዙ ርቆ አንድ ሰው ብቻ ይመጣል፤ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ይቃናል፣ ያዘነብላል። ጠብቃ ብታየው የሆስፒታሉ በር ጠባቂ፣ ጋሼ ጥበቃ ናቸው። ድሮ የተሰበረ እግራቸው አጥሮ የገጠመ፣ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ሽማግሌ። የዘብ ቡትስ ጫማቸውን እንዳደረጉ መጥተዋል።

«ጋሼ! እርስዎን ደግሞ ምን አመጣዎት?»

«አንቺ ነሻ!» አሉ ሽማግሌው ትንፋሽ እየቆራረጣቸው። «ሁሌ በበሩ ስትወጪ ስትገቢ አይሽ የለ? ልጆቼ ‹አርፈህ ተቀመጥ› አሉኝ። ‹ተኳሿ የቻለችውን እኔ ማን ከለከለኝ!› አልኳቸው።»

«አምቡላንሱስ? ከኋላዎ ነው?»

«ከኋላዬ ማንም የለም። እኔ ነኝ የመጨረሻው» አሉ በኩራት።

ተኳሿ ልቧ ወረደ። አልመጣም ማለት ነው። ሰኞን አልጠበቀም፤ ዕቃውን ጭኖ ሄዷል። ወይስ ዘግይቶ ነው? ቢዘገይ ቢዘገይ ይመጣ ይሆናል፤ ከተቀመጠች ይደርስባታል። ከተዘጋ ሱቅ ደጃፍ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ልትጠብቀው ነው። ሰዓቱ ይለፍ፣ መግቢያው ይፍረስ፣ ምን አገባት?

ጋሼ ጥበቃ መጥተው ፊቷ ቆሙ።

«ምነው ልጄ?»

«ይሂዱ ጋሼ። እኔ ትንሽ ልቀመጥ።»

«አንቺ ከተቀመጥሽ እኔም እቀመጣለሁ» አሉ። «ግን ልንገርሽ፣ እኔ ከተቀመጥኩ መነሳት የለም፤ እግሬን አውቀዋለሁ። እንግዲህ እንደፈለግሽ።»

ተኳሿ «ማን ይከተሉኝ አለዎት!» ልትላቸው ምንም አልቀራት። ተናዳባቸው ነበር፤ አልዋሽም። ሰውዬው ምን በደሏት? ጽናት ያሉትን ነገር አምነው መጡ። እሷ ግን የመጣችው ለአንድ ሰው ነው፤ ያም ሰው የለም። ቀና ብላ አየቻቸው። ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል፤ አጭሩ እግራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዓይናቸው ግን እሷ ላይ ነው፣ የእሷን ቃል ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ዓይን ይዞ የቆመን ሰው እንዴት ጥለሽው ትቀመጫለሽ?

መንገዱን ወደ ኋላ አንድ ጊዜ አየችው። ባዶ ነው። ተነሳች።

«ይያዙኝ» አለቻቸው። «ዳገቱ ላይ ይደገፉኛል።»

ገበያውን አለፉ፣ ዳገቱንም ወጡ። እዚያ ልትናገር ያሰበችበት ቦታ ላይ ስትደርስ እንባዋ መጣ፤ ሽማግሌው ላቧ መስሏቸው መሃረባቸውን ሰጧት። ከሱቁ በር ላይ አንዲት ሴት አጨበጨበች። አናጢዎቹ ሥራ አቁመው «በርቱ!» አሉ። ጋሼ ጥበቃ በዚህ ሁሉ መሃል የልጅነታቸውን፣ የእግራቸውን አሰባበር፣ የበሩን ወሬ ሲያወሩላት ሄዱ፤ አንዱንም አልሰማችው።

መግቢያው ሊፈርስ ሰዎች ገመዱን ሲፈቱ ደረሱ። «ቆዩ! ቆዩ!» ተባለ። አስተዋዋቂው ልፈፋውን ለቀቀው፤ የቀረው ሰው ግር ብሎ መጣ። ተኳሿ ከሽማግሌው በአንድ እርምጃ ቀድማ ገባች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መጨረሻ አልወጣችም። ጋሼ ጥበቃ ቆባቸውን አውልቀው ልጆቻቸው ላይ ወረወሩት፤ «ደረስኩ! ደረስኩ እኮ!» እያሉ አለቀሱ። ለእሳቸው ደስ አላት፣ ከልቧ። ለራሷ ግን ምንም አልተሰማትም፤ ውስጧ ባዶ ነው።

አስተባባሪዋ ልጅ ሬዲዮዋን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች። «አምቡላንስ፣ አምቡላንስ! ሁሉም ገብተዋል፣ ልንዘጋ ነው፤ ይምጡ።»

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«አንድ ሰው ይቀረኛል» አለ የሾፌሩ ድምፅ።

ተኳሿ ባለችበት ደነዘዘች።

«ኧረ የሚቀር የለም ጋሼ!» አለች አስተባባሪዋ። «የመጨረሻው ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም አሁን ገቡ።»

«እሳቸውንማ አይቻቸዋለሁ። ከመነሻው ሲያልፉ ነው ያየኋቸው። የመጨረሻው እሳቸው አይደሉም፣ ተኳሿ ናት። ከመነሻው ቆሜ ጠበቅኳት፣ አልመጣችም። አሁንም መንገዱን ላይ ታች እያልኩ ነው። ወድቃ ይሆናል። አንድ ሰው ይቀረኛል አልኩ እኮ!»

«ጋሼ—»

«ሳላገኛት አልመጣም።»

ሾፌሩ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲናገር የሰማ ሰው በሆስፒታሉ ውስጥ የለም። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው፦ እሷን ፊት አሰልፈዋታል፣ እሱ ኋላ ሆኖ ይጠብቃታል። ሰው ሁሉ ሲያልቅ፣ ሽማግሌውም ሲሄዱ፣ «እሷማ ገና ናት፣ ከእሷ በኋላ ሰው ኖሮ አያውቅም» ብሎ ከቦታው ንቅንቅ አልልም አለ። አይፈረድበትም፤ ተኳሿ ከፊት ትሆናለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

«እዚህ ነኝ» ማለት ነበረባት። አላለችም። ክፉ ሆና አይደለም። ተፈልጋ ስለማታውቅ ነው። በዚህ ሁሉ ዕድሜዋ፣ ብትጠፋ «አንድ ሰው ይቀረኛል» የሚል መኖሩን አታውቅም ነበር፤ ትንሽ፣ ጥቂት ልትሰማው ፈለገች።

«ልጄ፣ አንቺን እኮ ነው የሚፈልገው!» አሉ ጋሼ ጥበቃ።

«ሰምቻለሁ ጋሼ» አለች። «ሰምቻለሁ።»

አስተባባሪዋ ደንግጣ ሬዲዮውን ዘረጋችላት። «እንኩ እትዬ፣ ይንገሩት!»

«በዚህ የሚነገር አይደለም» አለች ተኳሿ። ዞረች፤ በመጣችበት መንገድ ተመልሳ ሄደች።

እግሯ እሳት ሆኗል። የውኃውን ላስቲክ የሚጠርጉት ሴቶች «ሴትዮ፣ መጨረሻው በዚያ ነው፣ ተሳስተሻል!» አሏት።

«የእኔ በዚህ ነው» አለቻቸው።

አናጢዎቹ ሠፈር መታጠፊያ ላይ አየችው። አምቡላንሱ ሳይረኑን ዘግቶ፣ መብራቱ ብቻ እየዞረ፣ ከሰው እርምጃ ባነሰ ፍጥነት ይመጣል። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቦዩን ነው የሚያየው። ከመጀመሪያው ሩጫ ወዲህ መንገድ ላይ ፊቱን አይታው አታውቅም፤ ሁሌ ከኋላዋ ነውና። ግንባሩ ረጥቧል፤ አርጅቷል። እንዴት እንደናፈቃት ያን ጊዜ ነው የታወቃት፤ ዓይኗ እያየው ናፈቃት።

ቀና ሲል ከፊቱ፣ በተገላቢጦሽ ስትመጣ አያት። ፍሬኑን ረገጠ፤ በሩን ሳይዘጋ ወረደ።

«የት ነበሩ?» ቁጣ ነው።

«ከፊት።»

«ከፊት? እርስዎ?»

«አስቀደሙኝ! በግድ!»

የመኪናው አፍንጫ ላይ ተደገፈ። «ቦዩን ሁሉ አየሁ» አለ። «የሱቆቹን ደጃፍ ሁሉ አየሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ ያሰናዳችው ንግግር የት እንደገባ እንጃ። አፏን ከፈተች።

«አትሂድብኝ» አለችው።

ልብ አድርጉልኝ። «አይሂዱ» አላለችም፤ እሱ የአለቃ ቃል ነው። «አይሂዱብኝ» እንኳ አላለችም። «አንተ» አለችው፤ «ብኝ»ንም ጨመረችበት። ራሷ ደንግጣ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ሾፌሩ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ «አሁን ነው የምትነግሪኝ?» አለ። እሱም «እርስዎ»ን ተወው። «ዝውውሩን እኮ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ማንም ሂድ አላለኝም። በየዓመቱ ይህን ሥራ ለምኜ ነው የምወስደው፤ ጀርባሽን እያየሁ እሄዳለሁ፤ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ መንገዱ ያልቅብኛል። አልቻልኩትም። ርቄ ብሄድ ይሻላል አልኩ።»

ተኳሿ ይህን ስትሰማ ክፉ ቃል ወጥቶት የማያውቀው አፏ ተከፈተ።

«አንተ ሰውዬ! አንተ የእንጨት ሽበት! ምላስ ባይኖርህ ድምፅ ማጉያ አልሰቀሉልህም? ከተማውን ቀንና ሌሊት ታደነቁረው የለ! ለእኔ ሲሆን አንዲት ቃል ጠፋችህ? አራት ዓመት ሙሉ እግሬ እስኪያብጥ እየተጎተትኩ የሄድኩት ለጽናት መሰለህ? ለማን መሰለህ?»

እንባዋ ወረደ። ጠራጊዎቹ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ አናጢዎቹ መዶሻ አወረዱ።

«ሰው ሁሉ የሚሰማው ነገር አይደለማ» አለ ሾፌሩ፤ ሳቀም፤ ዓይኑ ግን ሞልቷል። ሬዲዮው ከመኪናው ውስጥ «አምቡላንስ! ተገኙ ወይ? አምቡላንስ!» ይላል። ማንም አልመለሰለትም።

ታዲያ ሰኞ አልሄደም እንድላችሁ ነው አይደል የምትጠብቁት? ሄደ። የጸደቀ ዝውውር «አፈቀርኩ» ብለው የሚያስመልሱት ነገር አይደለም። በቦታው ሌላ ሰው ተተክቷል፤ እዚያም መኪናው ሾፌር ይጠብቃል። ሊመለስ አመልክቷል፤ «ይታይልዎታል» ብለውታል፤ መታየት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ማለቂያ የለውም። ማታ ማታ ይደውላል። ስልኩን ይዞ ዝም ይላል፣ እሷም ዝም ትላለች፤ «አለህ?» ትላለች፣ «አለሁ» ይላታል። ከሥራ ወጥታ ቤቷ ስትደርስ ከመንገዱ ጫፍ የመኪና ድምፅ የሰማች ይመስላትና ዞር ትላለች። ሌሊት ናፍቆቱ ሲብስባት ተነስታ ያወለቀችውን ቀሚስ ትተኩሳለች፤ ሌላ የምታውቀው መድኃኒት የለም።

ባለፈው ሳምንት አንሶላ ሲያጥፉ አጣፊዋ አዘነችላት መሰለኝ። «ምን ተለወጠ ታዲያ?» አለቻት ሲጠጋጉ። «ድሮም ናፍቆት፣ አሁንም ናፍቆት።»

ተራራቁ፣ ተጠጋጉ።

«አሁንማ ባለቤት አለው» አለች ተኳሿ።

«ማን ነው ባለቤት ያለው? ናፍቆቱ ነው ወይስ አንቺ?»

ተራራቁ። አንሶላው እስኪታጠፍ ፈገግ እያለች ቆየች።

«ሁለታችንም» አለቻት።